ጦርነት ላፈናቀላቸው ወገኖች የአብያተ ክርስቲያናት ዕርዳታ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ጉባኤ ላይ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ መምህራን ድካምና ስለ ተማሪዎች ተስፋ መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን ጦርነት ከቤታቸው ያፈናቀላቸውን ሰዎች አብያተ ክርስቲያናት እንዴት እንደ ረዱ፣ ወደ ፊትም እንዴት ሊረዱ እንደሚገባ ለመናገር መርጠናል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ቤቱን ጥሎ ያልሸሸ፣ ወይም የሸሸ ሰው በቤቱ ያላስተናገደ ቤተ ሰብ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በየክፍላችንም ከአጣዬ፣ ከጀውሃ፣ ከወለጋም ሳይቀር የመጡ ልጆች አብረውን ይማራሉ። ስለዚህ የምንናገረው ስለ ሌላ አገር ሰው ሳይሆን በአጠገባችን ስለ ተቀመጠው ጓደኛችን ነው።

አስቀድመን ስለ አገራችን አቀማመጥ ጥቂት እንበል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በስተ ምዕራቧ የጣርማ በርና የደብረ ሲና ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቋ መሬቱ እየተዘረጋ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። ማሽላውና ጤፉ፣ ማሾውና ሽንኩርቱ የሚበቅልበት ለም አገር ነው። ይፋት የታሪክም አገር ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1285 የሸዋን ሱልጣኖች ያሸነፈው የወላስማ ቤት ይህን አካባቢ ማእከል አድርጎ ገዝቷል፤ አስበሪ፣ ኖራና መሳል የተባሉት ጥንታውያን ከተሞች የድንጋይ ፍርስራሾችም ለዚያ ዘመን ምስክር ሆነው ይታያሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በዚህ ቆላ ሲጣሉም ሲታረቁም ኖረዋል። እሑድ እሑድ በሰንበቴ ከተማ የሚቆመውን ገበያ ያየ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ ገበያተኛው የሚመጣበት መንገድ ጦርም የሚመጣበት መንገድ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በተነሣው ግጭት የከተማዋ ብዙ ክፍል ተቃጠለ፤ ነዋሪውም ተበተነ። በጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ወርዶ በጥቅምት ወር ደሴንና ኮምቦልቻን፣ በኅዳር አጋማሽ ሸዋ ሮቢትን ደረሰ። የመንግሥት ጦር ከተማችንን መልሶ የያዘው ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ሆኖም በዚያው ዓመት በጥር ወር በጀውሃ፣ በሰንበቴና በአጣዬ በኩል እንደ ገና ተኩስ ተነሥቶ ሕዝብ ተሰደደ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተከተለ። እንግዲህ ከመካከላችን ገና የ18 ዓመት ዕድሜ ያለው ተማሪ ከቤቱ መሸሽን ሦስትና አራት ጊዜ ያየ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ስንናገር አንድ ነገር ልናስታውስ ይገባል። እኛ የዚህ ክፍል ተማሪዎች ያን ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ነበርን። ማሽላው እሸትነቱን ጨርሶ ለአጨዳ በደረሰበት፣ ገበሬው የዓመት ልፋቱን ሊሰበስብ ማጭዱን በሳለበት ሳምንት ሕዝቡ አዝመራውን በማሳ ላይ ትቶ ወጣ። የወጣውም ሽቅብ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ያህል ናት። በነጠላና በሸበጥ የሄደ የቆላ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ውርጭ ወዳለበት ደጋ ደረሰ። እናቶች ልጆቻቸውን በሻሽ ጠቅልለው፣ አረጋውያን በበትር ተደግፈው የጣርማ በርን ዳገት ወጡ። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ዳሩ ግን በዚያን ሰሞን ከሁሉ ነገር በላይ ያነሰው ብርድ ልብስ ነበር። የከተማው ሕዝብ ቤቱን ከፈተ፤ ትምህርት ቤቶች መኝታ ቤት ሆኑ፤ የየሰፈሩ እናቶች እንጀራ እየጋገሩ አወጡ። በዚያችው ከተማ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖችም በቻይና ካምፕና በባቄሎ መጠለያዎች ለዓመታት መኖራቸው ይታወቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ቤተ ክርስቲያን የሸሸውን ሰው የምትቀበለው ከየት ባገኘችው ልማድ ነው? ብለን ብንጠይቅ መልሱን በአገራችን ውስጥ እናገኘዋለን። በቀድሞ ዘመን ነፍሱን ለማዳን የሚሸሽ ሰው ወደ ደብር ገብቶ ደወል ከደወለ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር እንደ ተጠጋ ይቆጠር ነበር። በየአጥቢያው ያለው የሰንበቴ ማኅበር ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ዳቦውንና ጠላውን ሲቋደስ ነዳያንን አይረሳም። የመሸበት መንገደኛም በማያውቀው ሰው በር ላይ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ሲል ማን ነህ፣ ከየት ነህ ሳይባል ውኃ ይቀርብለት፣ እግሩን ይታጠብ ነበር። ይህ ሁሉ ቢሮና ማኅተም ሳይኖረው የተሠራ ዕርዳታ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለን። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. በመካ መከራ የጸናባቸው የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም በመጡ ጊዜ ክርስቲያኑ ንጉሥ ተቀብሎ አስጠጋቸው፤ አሳልፈህ ስጠን ብለው መልእክተኞች ቢመጡበትም አልሰጠም። የሙስሊሞች ታሪክ ይህን ውለታ እስከ ዛሬ ይዘክረዋል። ለይፋት ልጆች ይህ ታሪክ እንዲሁ የሚነገር ተረት አይደለም፤ የሁለቱም ሃይማኖት ልጆች በአንድ ወንበር የሚቀመጡበት አገር ነውና።

ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ፊደል የቆጠርነው በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ከተማርነው ሁሉ ጠልቆ የቀረው የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ግን አንድ ነገር እናክልበት። ሳምራዊው የሠራውን ሥራ በተራ ብንቈጥረው የዛሬ ጊዜ ዕርዳታ ሰጪዎች የሚሠሩትን ሁሉ እናገኝበታለን። ቍስሉን በዘይትና በወይን አከመ፤ ይህ የመጀመሪያ ሕክምና ነው። በአህያው ላይ ጫነው፤ ይህ ማጓጓዣ ነው። ወደ እንግዳ ማረፊያ አገባው፤ ይህ መጠለያ ነው። ለባለ ማረፊያው ሁለት ዲናር ሰጠ፤ ይህ በጀት ነው። ስመለስ የጐደለውን እከፍላለሁ አለ፤ ይህ ደግሞ ክትትልና ሒሳብ ማወራረድ ነው። የመጨረሻው ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቸርነት ማለት ሰጥቶ መሄድ ብቻ የሚመስለን አለን፤ ሳምራዊው ግን ተመልሶ ለማየት ቃል ገባ። ደግሞም የወደቀው ሰው ስሙ አልተጻፈም፤ ሳምራዊውም ዘሩንና ሃይማኖቱን አልጠየቀውም።

የግል ቸርነት መልካም ቢሆንም ችግሩ የብዙ ሺህ ሰዎች ሲሆን ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናት ዕርዳታን በሥርዓት ማደራጀት ያዙ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽኗን በ1964 ዓ.ም. አቋቋመች። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም የልማትና የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽን አላት፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ የራሷ የዕርዳታ ድርጅት አላት። በወሎ ረኃብ ጊዜ፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1973፣ የክርስቲያን የዕርዳታና የልማት ድርጅቶች ማኅበር ተመሠረተ። በ1977 ዓ.ም. በነበረው ታላቅ ረኃብ ደግሞ፣ በኮረምና በባቲ ሜዳ ሕዝብ እንደ ቅጠል በረገፈበት ዘመን፣ የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ አገር የካቶሊክና የሉተራን የዕርዳታ ድርጅቶች ጋር ተባብረው አንድ የጋራ የዕርዳታ ኅብረት አቆሙ። በትምህርተ ሃይማኖት የማይስማሙ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ካሚዮን እህል ለመጫን ተስማሙ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን ለእኛ ትልቅ ትምህርት የሚሰጠን በ1982 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ምጽዋ በጦርነቱ ስለ ተያዘች ወደ ሰሜን የሚገባው እህል ዋና በሩ ተዘጋ። ያ የአብያተ ክርስቲያናት የጋራ ኅብረት ከሁለቱም ተዋጊ ወገኖች ፈቃድ ተቀብሎ፣ ከአሰብ ወደብ የተነሣውን እህል በደሴ በኩል የጦር ግንባሩን አሻግሮ በወሎና በትግራይ ለተራበው ሕዝብ አደረሰ። በሌላ በኩል ደግሞ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1981 ጀምሮ የኤውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የዕርዳታ ድርጅቶች በካርቱም አንድ ማእከል አቁመው፣ መንግሥት በማይገባባቸው የኤርትራና የትግራይ አውራጃዎች ለነበረው ሕዝብ በሱዳን ድንበር በኩል እህል ያሻግሩ ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ ሁለቱ ጦሮች ሲታኰሱ በሁለቱም ጦሮች ጀርባ ለተራበው ሕዝብ እህል የሚያደርሱ የአብያተ ክርስቲያናት ሰዎች ነበሩ። ተዋጊው ጠላት የሚለውን ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ተራበ ብላ ጠራችው።

በቅርቡ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኮሚሽንና የመካነ ኢየሱስ ኮሚሽን አክት አሊያንስ በሚባለው የዓለም አብያተ ክርስቲያናት የዕርዳታ ማኅበር አባልነታቸው በጦርነቱ ለተጎዱት የሰሜን ክልሎች ሕዝብ ዕርዳታ አቅርበዋል።

የተከበራችሁ ወላጆች! ዕርዳታ ሲባል ከመኪና ላይ የሚወረወር ጆንያ ብቻ አይደለም። እኛ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሠራነውን አንድ ስሌት ብናቀርብላችሁ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በአገራችን የተለመደው የአንድ ሰው የወር ቀለብ 15 ኪሎ እህል፣ 1 ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ኪሎ የማይሞላ የምግብ ዘይት ነው። እያንዳንዱ 6 ነፍስ ያለው 1,000 ቤተ ሰብ ተፈናቀለ እንበል፤ 6,000 ሰው ማለት ነው። ለእነዚህ በወር 900 ኩንታል እህል ያስፈልጋል። 400 ኩንታል የሚጭን ባለ ተሳቢ መኪና ሁለት ጊዜ ሞልቶ ይመላለስና ለሦስተኛው ጉዞ 100 ኩንታል ይተርፈዋል። ውኃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር መሆን አለበት ይባላል፤ ለ6,000 ሰው በቀን 90,000 ሊትር ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ በየቀኑ ዘጠኝ ጊዜ መመላለሱ ነው፤ በቆላችን ሙቀት ደግሞ ይህም አይበቃም። ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ቢታሰብ 300 መጸዳጃ ያስፈልጋል። ይህ ሳይሟላ ቢቀር ከጥይት ያመለጠው ሕዝብ በተቅማጥ ያልቃል። በዚህ ሁሉ ላይ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ሳሙና፣ መድኃኒት፣ ለነፍሰ ጡሮች አዋላጅ፣ ለልጆችም ትምህርት ቤት ጨምሩበት። እንግዲህ የዕርዳታ ሥራ ልብ ብቻ ሳይሆን ዕውቀትም ይጠይቃል። ሒሳብ የሚችል፣ መዝገብ የሚይዝ፣ የውኃ ቧንቧ የሚጠግን፣ በሽታ የሚለይ ሰው ይፈልጋል። የሂሳብና የሳይንስ ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚመስለው ተማሪ ካለ በዚህ ይጽናና።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ ደርሰናል። ቤተ ክርስቲያን የምትረዳው ማንን ነው? የራሷን ምእመን ብቻ ነው ወይስ ሁሉን? ይህ ጥያቄ በይፋት ቆላ የወረቀት ጥያቄ አይደለም። በአጣዬ የክርስቲያኑ ቤት ተቃጥሏል፤ በዚህ ዓመታት ግጭት ሙስሊሙም፣ አማራውም፣ ኦሮሞውም ወገኑን ቀብሯል። ሁሉም ቁስል አለበት፤ የቆሰለ ሰው ደግሞ ቀድሞ የሚያስበው የራሱን ወገን ነው።

በክፍላችን ውስጥ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ተከራክረናል። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ «ዕርዳታው ጥቂት ነው፤ ችግረኛው ብዙ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሃይማኖት የራሱን ሰው ይርዳ። ቤተ ክርስቲያን ለክርስቲያኑ፣ መስጊድ ለሙስሊሙ ቢሰጥ ሁሉም ይዳረሳል።» ይህ አሳብ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። መጀመሪያ፣ ረኃብና ውርጭ ሃይማኖት አይለዩም፤ በአንዱ ሰፈር ብዙ ሰጪና ጥቂት ችግረኛ፣ በሌላው ጥቂት ሰጪና ብዙ ችግረኛ ይኖራል። ሁለተኛ፣ በአንድ መጠለያ ውስጥ ግማሹ ሲበላ ግማሹ ቆሞ ካየ፣ ያ ዕርዳታ ዕርቅ ሳይሆን ለሚቀጥለው ጠብ የተዘራ ዘር ነው። የበላው ልጅና ያየው ልጅ ነገ በአንድ ገበያ ይገናኛሉና።

ዓለምም ይህን ከብዙ መከራ በኋላ ተምሮ ሕግ አድርጎታል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ቀይ መስቀልና ታላላቅ የዕርዳታ ድርጅቶች አንድ የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ደንቡ ዕርዳታ በዘር፣ በሃይማኖትና በዜግነት ልዩነት ሳይደረግ ለችግረኛ ሁሉ እንዲሰጥ፣ የፖለቲካም ሆነ የሃይማኖት ዓላማ ማስፋፊያ እንዳይሆን ያዛል። ይህን ደንብ ካወጡት መካከል የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና ካሪታስ ይገኛሉ። ይህን በተለይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ስለ ዱቄት ሃይማኖቱን ለወጠ የሚል ሐሜት በአገራችን የቆየ ነው። በረኃብ ጊዜ የሚሰጥ እንጀራ የእምነት ዋጋ ከሆነ ሰጪውም ተቀባዩም ይዋረዳሉ። እኛ በሚስዮን የተማርን ልጆች ይህን ስንናገር ያስተማሩንን ለማማት ሳይሆን የተማርነውን ለመፈጸም ነው።

ሌላው ክርክር ደግሞ «ዕርዳታ ሰውን ያሰንፋል፤ እጁን ዘርግቶ መኖር ያስለምዳል» የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት የለም አንልም። ነገር ግን ማሽላውን በማሳ ላይ ትቶ የሸሸው የይፋት ገበሬ ሰነፍ ነው የሚል ሰው አለን? ለእርሱ የሚያስፈልገው ዘላለም ቀለብ ሳይሆን እስኪመለስ መቆያ፣ ሲመለስም ዘርና በሬ ነው። ስለዚህ ጥሩ ዕርዳታ የሚባለው ሰውን በመጠለያ የሚያቆየው ሳይሆን ወደ ማሳው የሚመልሰው ነው።

ከዚህ ጋር የእምነትና የታማኝነት ነገር አለ። በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. ለችግረኛ የመጣው እህል ወደ ሌላ እጅ እየገባ ነው በመባሉ የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የምግብ ዕርዳታቸውን አቋርጠው ነበር። የቀጠለው በ2016 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የተራበው እህሉን ያልነካው ችግረኛ ነበር። ያ የአሜሪካ ድርጅት ራሱ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ሥራውን አቁሟል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሒሳቡ ያልታወቀ ዕርዳታ ሌላውን ዕርዳታ ያስቀራል። ሁለተኛ፣ የሩቅ ሰው ቸርነት አንድ ቀን ሊቆም ይችላል፤ የቅርብ ጎረቤት ቸርነት ግን በእጃችን ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው» ያሉት አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ተፈናቃይን የመጠበቅ የመጀመሪያው ግዴታ የመንግሥት ነው። የአፍሪካ አገሮች ስለ ተፈናቃዮች በካምፓላ የተስማሙበትን ቃል ኪዳን ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስደተኛ የሚባለው ድንበር የተሻገረ ሲሆን ተፈናቃይ ግን በገዛ አገሩ ውስጥ ቤቱን ያጣ ነው፤ ስለዚህ መጠጊያው አገሩ ራሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን የመንግሥትን ሥራ አትተካም። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋና መሥሪያ ቤት ሲዘጋ እንኳ ቄሱ በደብሩ፣ ሼሁ በመስጊዱ፣ እድሩም በሰፈሩ ይገኛሉ። ማን ቤት ታማሚ እንዳለ፣ ማን ወላድ እንደ ሆነች እነርሱ ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት ከማንኛውም መጋዘን ይበልጣል።

ንግግር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ሦስት ነገር አስበናል።

አንደኛው የእኛው የመጨረሻው ክፍል ሥራ ነው። ለምረቃችን ድግስ ካዋጣነው ገንዘብ ግማሹን ተፈናቅለው ለመጡ የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ እንዲገዛበት ወስነናል። ድግሱ ያለ ጠላና ያለ ወጥ አይቀርም፤ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ። ስም ዝርዝሩን የሚያወጡት የየክፍሉ ኀላፊ መምህራን ሲሆኑ በዝርዝሩ ላይ ሃይማኖትና ብሔር የሚጻፍበት መስመር እንዳይኖር በድምፅ ወስነናል። በዚህ ድምፅ አሰጣጥ የተሸነፉት ጓደኞቻችንም ገንዘባቸውን አልመለሱም፤ ስለዚህ እናከብራቸዋለን። ሒሳቡም በሰሌዳው ላይ ይለጠፋል።

ሁለተኛው ለወላጆቻችን የምናቀርበው ልመና ነው። ዮሴፍ በግብፅ የጥጋቡን ዘመን እህል ለረኃቡ ዘመን አኖረ። እናንተም በአጨዳ ጊዜ ከየአውድማው አንድ አንድ ቁና ማሽላ ወይም ማሾ ብታወጡ፣ የሰንበቴው ማኅበር፣ የመስጊዱ ጀመዓና እድሩ በአንድነት የሚጠብቁት አንድ ጎተራ ሊሞላ ይችላል። ቁልፉ ሦስት ቢሆንና ሦስቱ ሰዎች ካልተገናኙ ባይከፈት እምነቱ ይጸናል። ቀጥሎ የሚሸሽ ሰው ከየትኛው በኩል እንደሚመጣ ማናችንም አናውቅም፤ ከእኛ መካከል አንዱ ሊሆንም ይችላል።

ሦስተኛው ለተማሪ ጓደኞቻችን ነው፤ ይህ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በዕረፍት ጊዜ አንዳንድ ልጅ በስሙ ሳይሆን «ተፈናቃይ» እየተባለ ሲጠራ ይሰማል። ይህ ቃል በሕግ መጽሐፍ የመብት ስም ነው፤ በእኛ ሜዳ ግን ስድብ ሆኗል። ልጁ ስም አለው፤ አባቱ ያወጣለት፣ በክርስትናው ወይም በሰባተኛው ቀኑ የተጠራበት ስም ነው። ቤቱን፣ ከብቱንና መጽሐፉን ያጣ ልጅ የቀረለት ስሙ ነው፤ እርሱን ደግሞ እኛ አንውሰድበት። ዱቄት የሌለው ተማሪ እንኳ ሰውን በስሙ መጥራት አያቅተውም፤ የዕርዳታ መጀመሪያውም ይህ ነው።

ክቡራትና ክቡራን! ትምህርት ቤታችን ዓመቱን ሲቈጥር ስንት ተማሪ እንዳስመረቀና ስንት ክፍል እንደ ተሠራ በዚህ መጽሐፍ ሌላ ገጽ ላይ ይጻፋል። የጦር መንገድ በሚያልፍበት አገር የቆመ ትምህርት ቤት ግን የሸሸ ልጅ በበሩ ሲገባ እንዴት እንደ ተቀበለውም ይጠየቃል። ይህን ጥያቄ የሚመልሱት ከእኛ በኋላ በእነዚህ ወንበሮች የሚቀመጡት ታናናሾቻችን ናቸውና ከወዲሁ አደራ እንላቸዋለን።

እግዚአብሔር ለይፋት ቆላና ለመላው አገራችን ሰላም ይስጥ፤ የሸሸውን ወደ ቤቱ ይመልስ።